ምንም አይልም

የሊፍት ሠሪው ሚስት የማትፈራው ነገር ቢኖር ባሏን ብቻ ነው። ከእሱ በቀር ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ በእሷ ዘንድ ተጠርጣሪ ነው። ማይክሮዌቩ ሲሠራ ማንም ፊት ለፊቱ እንዲቆም አትፈቅድም። ምግብ በፕላስቲክ ዕቃ ሞቆ ከቀረበማ ጉድ ይፈላል። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ከሶኬት የምትነቅለው በሩጫ ነው። የጋዝ ምድጃው ከተለኮሰ መስኮት ይከፈታል፤ ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው የሚል ሰው ካለ ካፖርቱን ይልበስ። የተጫረ መጥበሻ ይጣላል፣ ስልክ ትራስ ሥር አያድርም። ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትውል ልቧ ያለው ስልኳ በሚያወራላት የጤና ፕሮግራም ላይ ነው፤ ቀን የሰማችውን ራት ላይ ሕግ አድርጋ ታውጀዋለች። ልጇ «ኢንሹራንስ» የሚል ስም ካወጣችላት ቆይቷል። እናትየው ግን አልተቀየመችም። «እሰየው! የሚያሳፍረውስ ኢንሹራንስ የሌለው ቤት ነው» ብላ አረፈችው።

ባልየው ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ሽቦው የተላጠ ካውያ በፕላስተር ይጠቀልልና «ምንም አይልም» ይላል። ከርሞ የተገኘ ሾርባ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ያሸታል፣ ትንሽ ያስባል፣ «ምንም አይልም» ብሎ ይጠጣዋል። ሐኪም ጨው ቀንስ ካለው በኋላ እንኳ የጨው ዕቃው ከፊቱ ካልተቀመጠ ገበታ ቀረበ አይልም። አምፖል መቀየር ሲያምረው ወንበር በወንበር ላይ ደርቦ ይወጣል፤ ሚስቱ የታችኛውን ወንበር እግር አቅፋ «አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?» እያለች ትጮሃለች። ልብ በሉ፣ የሚወድቀው እሱ፣ የምትሞተው እሷ ናት።

ይሄው ሰው ሥራ ቦታው ሲደርስ ግን ቤቱ የሚያውቀው ሰው አይደለም። ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፋ፣ በገዛ ቁልፉ ሳይቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ከላይ መታ መታ ሳያደርገው እግሩን የሊፍት ጣሪያ ላይ አያሳርፍም። የሕንፃው ሰዎች ቶሎ በል እያሉ ቢወተውቱት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አንድ ጊዜ አንድ የሕንፃ ባለቤት ከበላዩ ቆሞ ሲነዘንዘው «ጌታዬ፣ እስከዚያው በደረጃ ውጣ፤ ለሆድህም ጥሩ ነው» ብሎት ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ሚስቱ ይህን የሥራውን ጥንቃቄ ስትሰማ ታብዳለች። «እዚያ እንዲህ የምትጠነቀቅ ሰው እኔ ቤት ስትገባ ምን ነካህ?» ትለዋለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የራሴን ነገር እኔ አውቅበታለሁ። ሊፍቱ ውስጥ ግን ያለው የሰው ልጅ ነው።»

ለእኔ ይህ ንግግሩ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ጉራ ነው። የሰው ልጅ ከመባል ማን አወጣው?

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሙ «ጋሽ ጆሮ» ነው። በመሣሪያ ተፈትሾ ያልተገኘ ብልሽት ሲገጥም እሱ ይጠራል። የሊፍቱ ጣሪያ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ ሽቅብ ቁልቁል ይሄዳል፤ ከዚያ «ፑሌጃው ነው»፣ «የበሩ ሮለር ነው»፣ «ግራሶ አጥቶ ነው» ይላል። ከእሱ ጋር ለዓመታት የሠራችው ባለሙያ፣ ባለመነጽሯ የሚሏት የሁለት ልጆች እናት፣ ላይ ሞተሩ አጠገብ ሆና መቆጣጠሪያውን ትይዛለች። እሷ የጆሮ መከለያ ታደርጋለች። ሞተሩ ያለበት ክፍል ጠባብ ነው፣ ጩኸቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሰው ያደነዝዛል። እሱ ግን ላይም ሆነ ታች ሲሠራ መከለያ አድርጎ አያውቅም። አድርግ ሲሉት «ጆሮዬን ደፍኜ በምን ልሥራ? በአፍንጫዬ?» ይልና ሰውን ሁሉ ያስቃል።

ሁለቱ ሲሠሩ በመሃላቸው ያለው ንግግር አጭር ነው። እሷ ከላይ በስልክ «ምን ይላል?» ትለዋለች። እሱ ከሊፍቱ ጣሪያ ላይ «ያፏጫል» ወይም «ያቃስታል» ወይም «ጥርሱን ያፋጫል» ይላታል። ነገሩ ሁሉ ተስተካክሎ ምንም ድምፅ የማይሰማ ሲሆን ደግሞ «ምንም አይልም» ይላታል። ሊፍቱ ለሰው የሚከፈተው በዚያ ቃል ነው። ቤቱ ውስጥ ለሾርባውም ለካውያውም እንደ ዘበት የሚረጨውን ቃል እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ግን ሳያምጥ አያወጣውም ነበር።

ነገሩ የተፈጠረው ታች ሱቆች፣ ላይ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የአጥንትና የጉልበት ሕክምና ባለበት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ክራንች ይዞ፣ ጉልበቱን አስሮ፣ በሰው ተደግፎ የሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ ያን ሊፍት ብሎ የሚመጣ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ሰነበተ፤ ሁለቱ ሄደው ጣሪያው ላይ ገመዱ የሚዞርበትን የፑሌጃውን ኩሽኔታ ቀየሩለት። ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ። እሱ ጣሪያው ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እሷ ሞተሩን አስነሣችው። አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል ሄደ።

«ምን ይላል?» አለችው በስልክ።

«ምንም አይልም።»

«አንዴ እንድገመው?»

«ምን ሊሆነን? ጨርሰናል ውረጂ» አላት።

ታች ወርደው መሣሪያቸውን ሲሰበስቡ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ከስድስተኛ ፎቅ ደረሱ። ምርኩዝ የያዙ እናት ናቸው። ከሊፍቱ ወጡና ዞረው አዩት።

«ልጄ፣ የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ እማማ። እንዴት ነው፣ ተመቸዎት?»

«እሱስ ተመችቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሦስተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ እንደ ታመመ ድመት የሚያለቅሰው ምን ሆኖ ነው?»

ሳቀ። «አዲስ ዕቃ ነው እማማ፣ እስኪላመድ ነው» አላቸው። ሴትዮዋ መርቀውት ሄዱ። እሱም ለወጉ ያህል ገብቶ ወጣ፣ ወረደ። ምንም የሚያለቅስ ድመት የለም። ሲመለስ ባለመነጽሯ መከለያዋን አንገቷ ላይ አውርዳ ቆማ ነበር። «እስቲ አብረን እንግባ» አለችው።

ሦስተኛው ፎቅ ጋ አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ሰማኸው?» አለችው።

ፊቷን አየ። ከፊቷ ላይ መልሱን ፈልጎ አገኘውና «አዎ» አላት። አራተኛውን አለፉ። አምስተኛው ጋ ሲደርሱ «አሁንስ?» አለችው።

«አሁንም አለ፤ ግን ቀነስ ብሏል» አለ።

አምስተኛው ፎቅ ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም። ባለመነጽሯ ይህን አልነገረችውም። እጇን ዘርግታ የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነችው። ሊፍቱ ቆመ፤ ሁለቱም ቆሙ። እሷ የጫማዋን ጫፍ፣ እሱ የበሩን ስንጥቅ ሲያዩ ቆዩ። መዋሸቱ ሳይሆን መያዙ፣ መያዙም ሳይሆን እነዚያ እናት መሳፈራቸው ነው ያስደነገጠው።

ኩሽኔታው ጠምሞ ገብቶ ኖሯል። ከቀትር በኋላ አውጥተው አቃኑትና መልሰው አስገቡት። በዚህ ሰበብ ሊፍት ቁልቁል አይወረወርም፤ ገመዱ ብዙ ነው፣ ፍሬኑም አለ። ነገር ግን ያ ኩሽኔታ ራሱን ሲበላ ከርሞ አንድ ቀን ሰው እንደያዘ በፎቅና በፎቅ መሃል ይገትረዋል። ያን ዕለት ውስጡ ያለው ሰው ልቡ ደካማ ከሆነ ደግሞ የፍሬኑ ደኅንነት ብዙም አይጠቅመውም። ጋሽ ጆሮ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ሲመለሱ መኪናውን የነዳችው እሷ ናት። መንገዱ ሲጋመስ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንጃ። ለእኔ እኮ ዓለም ዝም እያለ የመጣ ነው የመሰለኝ።»

«ለማንም መንገር የለብህም። እኔ አለሁ። አንተ ትሠራለህ፣ እኔ እሰማልሃለሁ፤ ጡረታህም ደርሷል። ማን ያውቃል?»

እጇን መሪው ላይ አየ። የምትለውን ከልቧ እንደምትለው ያውቃል። ግን እሷ ያለችው ላይ ከሞተሩ ጋር፣ ድምፁ ያለው ደግሞ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከዚያ ሆና ልትሰማለት የምትችለው አንድም ነገር የለም። ልትሰጠው የፈለገችው ጆሮዋን ሳይሆን ፍቅሯን ነበር። በፍቅር ደግሞ ሊፍት አይፈተሽም። «እናያለን የኔ ልጅ» ብሏት ወረደ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የመስኮት መጋረጃ ስትሰፋ አገኛት። ልብሱን ሳይቀይር ከፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህ የማያደርገው ነገር ስለሆነ መኪናዋን አቆመች።

«ምን ሆነሃል? ወደቅህ?»

«አልወደቅሁም። ጆሮዬ አይሰማም።»

«የትኛው?»

«ሁለቱም። ቀጭንና ዝግ ያለ ድምፅ አያገኙም።»

መጀመሪያ አላመነችውም። ታዲያ እንዴት ብላ ትመን? እስካሁን ሲያወራት፣ ሲመልስላት፣ ሲጣላት የኖረ ሰው ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ይመጣላት ጀመር። ስልክ ጆሮ ላይ ተለጥፎ መወራት የለበትም፣ ጨረሩ አንጎል ይበላል ብላ ሕግ ካወጣች ወዲህ በዚያ ቤት ስልክ የሚወራው በስፒከር ነው። ስለዚህ ባሏ ስፒከሩን የግድ ሲከፍት ሕጓን ያከበረ መስሏት ደስ ይላት ነበር። ቴሌቪዥን በቅርብ ማየት ዓይን ይጎዳል ብላ ሶፋውን ከወዲያኛው ግድግዳ አስጠግታዋለች፤ ስለዚህ ድምፁ ሲጨመር «ይርቃል እኮ» ተብሎ ይታለፋል። የጋዙ መስኮት ስለሚከፈት የመንገዱ ጫጫታ ይገባል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ይጮሃል። ቤቱን ከአደጋ የሚጠብቁት ሕጎች ሁሉ ተባብረው እውነተኛውን አደጋ ደብቀው አኑረውት ኖሯል።

«እኔ ነኝ» አለች። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። «እኔ ነኝ የጋረድኩህ። በፕላስቲክ ዕቃ ስጨቃጨቅህ ስኖር...»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ሞተሩ ነው። መከለያ አድርግ ሲሉኝ አፍንጫዬ እያልኩ የቀለድኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አንድ ቀን እንኳ ስለ ጩኸት አልጠየቅሁህም? ስለ መውደቅህ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ ስፈራ...»

አለቀሰች። እሱም እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። ከዚያ ስለ ባለምርኩዟ እናት፣ ስለ ኩሽኔታው፣ ባለመነጽሯ ስላለችው ሁሉ ነገራት። ይህች ሴት ባሏ ከዚያ ጉድጓድ እንዲወጣ ከተጋቡ ጀምሮ ስትለምን የኖረች ናት። አሁን በሩ ወለል ብሎ ሲከፈትላት ግን ፊቱን አየችና ደስታውን ተወችው። ያን ሥራ ከወሰዱበት የሚቀረው ሰውዬ ማን እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

«ለአለቃህ ከነገርከው ምን ይሆናል?»

«ጉድጓድ ውስጥ አያስገባኝም።»

«ካልነገርከውስ?»

«ምንም...» ብሎ ጀመረ። ቃሉ አልወጣ አለው። ዕድሜውን ሁሉ እንደ ምራቅ የሚወረውረው ቃል እምቢ ሲለው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። «ጠዋት እነግረዋለሁ» አላት። እሷም መቀሱን አንሥታ መጋረጃውን ያዘች፤ የሰፋችው ግን ጠምሞ ስለነበር በማግስቱ ፈታችው።

ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋ። ኃላፊው በዕድሜ ልጁ የሚሆን ሰው ነው። እስኪጨርስ ድረስ ሳያቋርጠው ሰማው።

«ጋሼ፣ ይህን ባይነግሩኝ እኔ መቼም አላውቅም ነበር» አለው።

«እሱማ እኔም አላውቅም ነበር። ያወቁት እማማ ናቸው።»

ኃላፊው ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ቁም ነገራቸውን ያዙ። ጉድጓድ መግባት ቀረ፤ በዚህ ክርክር አልነበረም። በምትኩ የተሠራ ሊፍት ሁሉ ለሰው ከመከፈቱ በፊት ሄዶ በንዝረት መለኪያ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። መለኪያው መሥሪያ ቤቱ ገዝቶት ጋሽ ጆሮ «መጫወቻ» እያለ ሲያፌዝበት መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ዕቃ ነው። አሁን ወረደና እጁ ላይ ተቀመጠ። ቁጥሩን ማንበብ ያስተማረችው ባለመነጽሯ ናት፤ ጣሪያው ላይ የሚቀመጠውም ከዚያ ወዲያ እሷ ሆነች። መጀመሪያ ተቆጥታው ነበር። «እኔ ልሸፍንህ ስል አንተ ሄደህ ራስህን ሰጠህ» አለችው። ሰንበት ሲል ግን በረደላት። መለኪያው ጉዳት ሲያሳይ «አየሽ፣ ይሄ መጫወቻ ከእኔ ይሻላል» ሲላት «ከአንተ የሚሻለው ስለማይቀልድ ነው» ትለዋለች።

የጆሮ ሐኪሟ እውነቱን አልሸሸገችውም። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ነው አለችው። ሁለት ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያዎች ተሠሩለት። ሞተር ያለበት ክፍል ሲገባ እነሱን አውጥቶ መከለያ ያደርጋል። እሱ ማድረጉ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ያላደረገ ሰው ካገኘ አያስቀምጠውም፣ በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍም ይላል። የሚስቱን ቅጽል ስም ከራሱ የሰሙት ሠራተኞች «ኢንሹራንስ ተጋባበት» ይሉታል። ጨውና ሾርባውን በተመለከተ ግን ለውጥ የለም። ሁሉንም በአንዴ የሚስተካከል ሰው ካያችሁ እኔንም አሳዩኝ።

ቤት ውስጥ አዲስ ችግር የገጠመው ሚስቱን ነው። ለካ ባሏ መስማት ካቆመ ጀምሮ፣ ሳታውቀው፣ ስለ እሱ የምታስበውን ሁሉ በአፏ ማውጣት ለምዳ ኖሯል። መሣሪያው በተገጠመለት ሳምንት ማድቤት ሆና «ይሄ ግትር፣ ዛሬም ጨው ፍለጋ ይመጣል» ስትል ከሳሎን «መጥቻለሁ!» አላት። ድስቱን ልትጥለው ነበር። ልጃቸው ይህን ሰምታ ሆዷን ይዛ እስክትወድቅ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እናትየው ስታማው ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ ትላለች፤ እሱም ሆን ብሎ አንገቱን ሰገግ ያደርጋል። ቤቱ ደስ የሚል ቤት ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅም ቀንሷል።

አንድ ጠዋት መለኪያውን በትከሻው አንግቦ ወጣ። አጥንት ሕክምናው ያለበት ያ ሕንፃ ተራው ደርሶ ሊፈትሸው ነበር የሚሄደው። ሚስቱ በሩን ከኋላው ዘጋች። ሁለት ደረጃ እንደወረደ ከበሩ ወዲያ ድምፅ ሰማ። ለእሱ ብላ ጮክ ያለችው አልነበረም፤ እንደ ልማዷ ለራሷ ያለችው ነው።

«በሰላም ግባልኝ» አለች።

ቆመ። ወደ ላይ ተመልሶ በሩ አጠገብ ሆኖ «አሜን» አለ።

በሩ ተከፈተ። ሚስቱ የስፌቷ መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ቆማለች። «ሰማኸኝ?» አለችው።

«ሰማሁሽ። እስከ ዛሬም ትይዋለሽ?»

«ከተጋባን ጀምሮ እንደምለው ነዋ። ድሮ ትመልስልኝ ነበር። በኋላ ሥራ ስለሚያስብ ነው እያልኩ ተውኩት፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

ከመቼ ጀምሮ ዝም እንዳላት እንኳ አያውቀውም። ሳይመልስላት ያለፉትን ጠዋቶች ሁሉ ሊከፍላት ፈልጎ፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ፣ ቀስ ብሎ ደግሞ «አሜን» አላት።